«ኅዋ የፕላንክ ኩቦች ክምር ነው» ለሚለው ሐሳብ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኅዋ ባዶ ስፋት ሳይሆን ከማይከፈሉ የኳንተም ሕዋሳት የተገነባ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ሕዋስ ጎኑ አንድ የፕላንክ ርዝመት የሆነ ኩብ ነው። ብርሃን በአንድ የፕላንክ ጊዜ አንድ ሕዋስ ያልፋል፤ ከብርሃን የሚፈጥን የሌለው ለዚህ ነው። ከባድ አካል ባለበት ሕዋሳቱ ይጨማደዳሉ፤ ስበት ማለትም ይኸው መጨማደድ ነው። ሐሳቡ የሚሳሳተው የት ላይ ነው? በምንስ ይፈተናል?»

ኅዋ ወርዶ ወርዶ አንድ ደረጃ ላይ መከፋፈሉን ያቆማል ብሎ መገመት የሚያሳፍር አይደለም። ስበትንና ኳንተምን ለማስታረቅ ከሚሠሩት ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ይህን ግምት በአንድም በሌላም መልኩ ይዘውታል። እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ውድቅም አልሆነም። በጥያቄው ውስጥ ውሃ የማያነሳው ኩቡ ነው። ኅዋን መቆራረጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ጭንቁ ከተቆራረጠ በኋላ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ሆኖ፣ የቆመውም የሚሮጠውም ተመልካች አንድ ዓይነት ሕግ እያየ እንዲቀጥል ማድረግ ነው። (እዚህ ኅዋ የምለው ከምድር ውጭ ያለውን ጠፈር ብቻ ሳይሆን በጣትዎና በዓይንዎ መካከል ያለውን ስፋት ጭምር ነው።)

በመጀመሪያ የፕላንክን ርዝመት ቦታ ቦታ እናስይዘው። መጠኑ 1.616 × 10⁻³⁵ ሜትር ነው፤ ብርሃን ይህን ርዝመት የሚያልፍበት ቅጽበት የፕላንክ ጊዜ ይባላል። ማክስ ፕላንክ በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚህ ዓይነት አሃድ ላይ የደረሰው ኅዋን ለክቶ አይደለም። የብርሃንን ፍጥነት፣ የስበትን ቋሚ ቁጥርና ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቋሚ ቁጥር እያባዛና እያካፈለ፣ ርዝመት የሚሰጠውን ጥምረት ፈልጎ ነው። በዚያው ዘዴ የፕላንክ ክብደትም ይገኛል፤ 2.18 × 10⁻⁸ ኪሎ ግራም፣ ማለትም 22 ማይክሮ ግራም ገደማ። ይህ የተፈጥሮ ትንሹ ክብደት ነው የሚል ሰው የለም፤ ኤሌክትሮን ከዚህ እጅግ በጣም ይቀላል። እንግዲህ ከቋሚ ቁጥሮች ተቀምሞ የወጣ ሁሉ ጡብ አይደለም።

ርዝመቱ ከቀመር ያለፈ ትርጉም የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው። ትንሽ ነገር ለማየት አጭር ሞገድ ያስፈልጋል፤ የሞገዱ ርዝመት ሲያጥር ኢነርጂው ይጨምራል፤ ብዙ ኢነርጂ በትንሽ ቦታ ሲታጨቅ ደግሞ ስበቱ ይበረታል። ይህን እየቀጠሉ ሲሄዱ በፕላንክ ርዝመት አካባቢ የታጨቀው ኢነርጂ ጥቁር ቀዳዳ ለመሆን ይበቃል፤ ሊያዩት የነበረውን ይውጠዋል። ማትቬይ ብሮንስታይን በ1936 ስበት ሲገባ ለልኬት ትክክለኛነት ወሰን እንደሚበጅለት ያሳየው ከዚህ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ክርክር ነው። ነገር ግን «ከዚህ በታች መለካት አይቻልም» እና «ከዚህ በታች ምንም የለም» አንድ አይደሉም። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ተጨማሪ ንድፈ ሐሳብ ያስፈልጋል፤ በጥያቄው ውስጥ ግን መሻገሪያው በዝምታ ታልፏል።

የርቀቱን መጠን ለመገመት፦ የፕላንክ ኢነርጂ 1.22 × 10¹⁹ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በሌላ አነጋገር 1.96 ቢሊዮን ጁል፣ 57 ሊትር ያህል ቤንዚን ሲቃጠል የሚወጣው። መጠኑ በራሱ ብርቅ አይደለም፤ የማይቻለው በአንድ ቅንጣት ላይ መጫኑ ነው። የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል) ትልቁ የቅንጣት አፋጣኝ በአንድ ግጭት የሚያገኘው 13.6 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ከዚህ በ10¹⁵ ጊዜ ገደማ ያንሳል። በ1991 ከተመዘገበውና እስካሁን ከታዩት ሁሉ ከፍተኛው ከሆነው የኮስሚክ ጨረር ቅንጣት (3.2 × 10²⁰ ኤሌክትሮን ቮልት) ብንነሳ እንኳ 38 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይቀረናል።

አሁን ወደ ኩቡ። የመጀመሪያው ችግር የፓይታጎረስ ነው፤ በዚህ መልክ ያነሳው የሒሳብ ሊቁ ሄርማን ቫይል ነው፣ በ1949። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ወስደው 1000 በ1000 ሕዋስ ይቁረጡት። በጎኑ ሲሄዱ 1000 ሕዋስ ይቆጥራሉ። በሰያፉ ሲሄዱስ? በማዕዘን መሻገር ከተፈቀደ 1000፣ በጎን ብቻ ከሆነ 2000። ፓይታጎረስ የሚፈልገው 1414 ነው። «ሕዋሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ አይታወቅም» የሚለው የተለመደ ማምለጫ እዚህ አይሠራም፤ 1000ውን ወደ 10³⁵ ቢያሳድጉት ውድሩ ያው 1 ወይም ያው 2 ነው። ስህተቱ በማሳነስ አይቀንስም። በብርሃን ላይ ሲያውሉት ደግሞ፣ በፊት ለፊት ገጽ ብቻ የሚያልፍ ብርሃን በኩቡ ረጅም ሰያፍ በኩል በ0.577 እጥፍ ፍጥነት ይጓዛል፤ በማዕዘን የሚዘል ከሆነ በ1.732 እጥፍ። እንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ ክብ የሚባል ነገር አይኖርም።

መከላከያ ግን አለ፤ ፍትሐዊ ለመሆን ልጥቀሰው። ርቀትን በሕዋስ ቆጠራ ሳይሆን በሞገድ ጉዞ ከለኩት ነገሩ ይለወጣል። ክሪስታልም ፍርግርግ ነው፤ ድምፅ ግን ውስጡ ለስላሳ ሞገድ ሆኖ ይጓዛል እንጂ አቶም አይቆጥርም። ይህን በሰው ቃል ከማመን ራስዎ ቢሠሩት ይሻላል፤ በማንኛውም ኮምፒውተር ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው።

420 በ420 የሆነ የቁጥር ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ግራ ጠርዙን ከቀኝ፣ ላይኛውን ከታችኛው ጋር ያጋጥሙ። እያንዳንዱ ነጥብ የሞገዱን ከፍታ ይይዛል። የሚቀጥለውን ከፍታ ለማግኘት የአሁኑን ሁለት እጥፍ ይውሰዱ፣ የቀደመውን ይቀንሱ፤ ከዚያ የአራቱን ጎረቤቶች ድምር ወስደው የራሱን አራት እጥፍ ከቀነሱ በኋላ በ«ርምጃ ቁጥሩ» ካሬ አባዝተው ይደምሩ። የርምጃ ቁጥር ማለት ሞገዱ በአንድ የጊዜ ርምጃ የሚሄደው የሕዋስ ክፍልፋይ ነው፤ 0.1 ያድርጉት። መነሻው በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝ ንጹሕ የሳይን ሞገድ ይሁን፦ አንድ ጊዜ በጎን በኩል በየ10 ሕዋሱ የሚደጋገም፣ ሌላ ጊዜ በሰያፍ፣ በሁለቱም ጎኖች በየ14 ሕዋሱ የሚደጋገም (ይህም በሰያፉ ሲለካ 9.9 ሕዋስ ይሆናል)። 420ን የመረጥኩት ለ10ም ለ14ም ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ነው፤ 400 ብለው ከጀመሩ የሰያፉ ሞገድ ጠርዝ ላይ አይገጥምም፣ የሚያዩት ሁከትም የእርስዎ እንጂ የፍርግርጉ አይሆንም።

የማዕበሉን ጫፍ ተከትለው ፍጥነቱን ሲለኩ በጎን በኩል 1.62 በመቶ፣ በሰያፍ 0.82 በመቶ የዘገየ ይሆናል። የሞገዱን ርዝመት እጥፍ ሲያደርጉት (20 እና 28 ሕዋስ) ስህተቱ ወደ 0.41 እና 0.21 በመቶ ይወርዳል። ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ስህተቱ በአራት ይካፈላል። በዚህ ሒሳብ 500 ናኖ ሜትር ርዝመት ላለው አረንጓዴ ብርሃን፣ ሕዋሱ የፕላንክ ርዝመት ቢሆን፣ ስህተቱ ከ10⁻⁵⁶ ያነሰ ነው። ፓይታጎረስ ይመለሳል። የቫይል ክርክር የሚጥለው ሕዋስ ቆጠራን እንጂ ፍርግርግን በጠቅላላው አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የማዕበሉን ጫፍ ትተው የአንድ አጭር ምት ጉዞ ከለኩ ስህተቱ በሦስት እጥፍ ያድጋል፤ ኮዱ ተበላሽቷል ብለው አያፍርሱት፣ ምት የሚጓዘው በጫፉ ፍጥነት አይደለም። ሁለተኛው ወጥመድ ጥያቄውን በቀጥታ ይነካል። የርምጃ ቁጥሩን ከ0.707 በላይ ካደረጉት ቁጥሮቹ ፈንድተው ሰንጠረዡ ትርጉም ያጣል። በሦስት አውታር (ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ) ጣሪያው ይወርድና 0.577 ይሆናል። «በአንድ የጊዜ ምት አንድ ሕዋስ» ማለት ርምጃ ቁጥሩ 1 ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ በጥያቄው የተቀመጠው ደንብ፣ በዚህ ተራ የሞገድ ሕግ፣ በሦስት አውታር ዓለም ውስጥ ሞገድ ማስኬድ አይችልም። ይህ ደንብ ያለ እንከን የሚሠራው በአንድ አውታር ብቻ ነው፤ በቀጥታ መስመር ላይ ርምጃ ቁጥሩ 1 ሲሆን ስህተቱ ዜሮ ይሆናል፣ ውጤቱም እጅግ ያምራል። ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚወድደው በመስመር ላይ ስሎ ስለሚያየው ይመስለኛል።

ፍርግርጉ ከፓይታጎረስ አመለጠ እንበል። የሚቀጥለው ፈተና የሚንቀሳቀስ ተመልካች ነው። ኩብ ማረፊያ አለው፤ ማለትም «እኔ ከፍርግርጉ ጋር ቆሜያለሁ» ማለት የሚችል አንድ ተመልካች ይኖራል፣ ሌላው ሁሉ ኩቡን ተጨፍልቆ ያየዋል። ምድር ከኮስሚክ ማይክሮዌቭ የኋላ ጨረር (ከዩኒቨርስ ጅማሬ ቀርቶ ከየአቅጣጫው ከሚደርሰን ጨረር) አንጻር በሴኮንድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ያ ጉዞ በቤተ ሙከራ ውስጥ የብርሃንን ፍጥነት በአቅጣጫ ሊለያየው ይገባ ነበር። በየአቅጣጫው የተቀመጡ የብርሃን ማስተጋቢያ ሣጥኖችን ያነጻጸሩ ሙከራዎች እስከ 10⁻¹⁷ ደረጃ ድረስ ልዩነት አላገኙም።

«ግን እኮ ስህተቱ 10⁻⁵⁶ ነው አልክ፤ 10⁻¹⁷ ምን ሊነካው?» ይሉኛል። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ ኩቡን በእውነት የሚጥለውም ለዚህ የሚሰጠው መልስ ነው። በኳንተም ዓለም ማንም ቅንጣት ብቻውን አይሄድም። ኤሌክትሮን በየቅጽበቱ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) እየተፋ መልሶ ይውጣል፤ በዚህ ሒደት የሚሳተፉት ፎቶኖች የሞገድ ርዝመት ከረጅሙ ጀምሮ እስከ ሁለት ሕዋስ ድረስ ያለው ሁሉ ነው። በአጭሮቹ ሞገዶች ዘንድ የፍርግርጉ ጉድለት ጥቃቅን ሳይሆን ሙሉ ነው፤ ሁለት ሕዋስ የሚረዝም ሞገድ በጎን በኩል ጨርሶ ምት አያጓጉዝም። ያ ጉድለት በመስተጋብሩ ጥንካሬ (ለኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይል 1/137 ያህል) ተባዝቶ በቀጥታ ወደ እኛ ደረጃ ይወጣል። በ2004 ኮሊንስ፣ ፔሬዝ፣ ሱዳርስኪና ባልደረቦቻቸው ይህን ሲያሰሉ፣ የተለያዩ ቅንጣቶች የፍጥነት ጣሪያቸው በመቶኛ ክፍል አካባቢ መለያየት እንደሚኖርበት አገኙ። እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። ለማጥፋት ቁጥሮችን ከብዙ አሃዞች በኋላ ድረስ በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ መፍትሔ ሳይሆን ሽንፈትን በሌላ ስም መጥራት ነው።

ሦስተኛው ፈተና ቁስ ነው። ሞገድን ፍርግርግ ላይ ማስኬድ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሮንን ማስኬድ ግን ጉድ ያመጣል። የኤሌክትሮንን ጠባይ የሚገልጸውን የዲራክን እኩልታ እንዳለ ፍርግርግ ላይ ሲያስቀምጡት ቅንጣቱ በእያንዳንዱ አውታር ይባዛል፤ ኅዋውን ብቻ ከቆረጡ 8፣ ጊዜንም ከቆረጡ 16 ተመሳሳይ ቅንጣት ይወጣል። ኒልሰንና ኒኖሚያ በ1981 እንዳረጋገጡት፣ በጣም መጠነኛ የሆኑ ቅድመ ሁኔታዎች እስከተሟሉ ድረስ፣ ትርፎቹ ቅንጣቶች ቀኝና ግራ እጅ (ከጉዞ አቅጣጫቸው አንጻር የሚሽከረከሩባቸው ሁለት መንገዶች) እኩል ሆነው ይመጣሉ። ደካማው የኑክሌር ኃይል ደግሞ የሚነካው ግራ እጆቹን ብቻ ነው። ኬኔዝ ዊልሰን በ1974 የጀመረው የፍርግርግ ስሌት የፕሮቶንን ክብደት እስከማስላት ደርሷል፤ እዚያ ግን ፍርግርጉ መሣሪያ ብቻ ነው። የነጥቦቹ ርቀት 10⁻¹⁶ ሜትርና ከዚያ በታች ተደርጎ ይሰላል፣ ይጠብባል፣ እንደገና ይሰላል፣ በመጨረሻ ርቀቱ ዜሮ ሲሆን የሚገኘው መልስ ይወሰዳል። እርስዎ ፍርግርጉ እውነተኛ ነው ስላሉ ወደ ዜሮ መውሰድ አይፈቀድልዎትም። ይህ ችግር በሕዝብ ዘንድ ብዙም አይወራም፤ በግሌ ግን ከፓይታጎረሱ ይበልጥ ከባድ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ታዲያ ቁርጥራጭነትን ይዘው ከእነዚህ ፈተናዎች ለማለፍ የሚሞክሩት እንዴት ነው? ብልሃቱ ከስናይደር ይጀምራል። ሃርትላንድ ስናይደር በ1947 መጋጠሚያ ቁጥሮች ራሳቸው የኳንተም መጠን ሆነው የተቆራረጠ ዋጋ ቢይዙም የአንጻራዊነት ሕግ ሳይጣስ መቀጠል እንደሚችል አሳየ። ቁልፉ ኅዋን እንደ ጡብ ከመደርደር ይልቅ የልኬት ውጤቱን ቁርጥራጭ ማድረግ ነው።

ሉፕ ኳንተም ግራቪቲ የተባለው የኳንተም ስበት ንድፈ ሐሳብ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። አብሃይ አሽቴካር በ1986 የአንስታይንን እኩልታ በአዲስ ተለዋዋጮች ጻፈው፤ ካርሎ ሮቬሊና ሊ ስሞሊን በ1995 ከዚያ ተነስተው የገጽ ስፋትና ይዘት (ቮልዩም) ሲለኩ የተወሰኑ ዋጋዎችን ብቻ እንደሚሰጡ አሰሉ። ሥዕሉ ሮጀር ፔንሮዝ በ1971 ያቀረበው የስፒን መረብ ነው፦ አንጓዎቹ ይዘት፣ ክሮቹ ስፋት ይሸከማሉ፤ ክሮቹ ½፣ 1፣ 1½ እያሉ ይቆጠራሉ። ትንሹ ስፋት የሚገኘው 4 ሲባዛ በፓይ፣ በ3 ካሬ ሥር፣ ኢሚርዚ በተባለው ቁጥርና በፕላንክ ርዝመት ካሬ ነው። የኢሚርዚ ቁጥር 0.2375 ሲወሰድ ውጤቱ 1.35 × 10⁻⁶⁹ ካሬ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከእነዚህ 7.4 × 10⁶⁴ ያህሉን ይይዛል። ልብ ይበሉ፣ ቁርጥራጭ የሆነው ስፋት እንጂ የኩብ ጎን አይደለም፤ ዋጋዎቹም እኩል ደረጃ የላቸውም፣ ወደ ላይ ሲወጡ እየተጠጋጉ ሄደው ሊለዩ ወደማይችሉበት ይደርሳሉ።

የሚሮጠው ተመልካችስ ትንሹን ስፋት አሳንሶ አያየውም? ሮቬሊና ስፔዚያሌ በ2003 የሰጡት መልስ ከኤሌክትሮን ስፒን (ከውስጣዊ ሽክርክሪቱ) ጋር ይመሳሰላል። መለኪያውን ቀስ በቀስ ቢያዞሩት ስፒኑ 0.4 ወይም 0.3 አይሆንም፤ ሁልጊዜ ወይ ሲደመር ½ ወይ ሲቀነስ ½ ነው፣ ቀስ በቀስ የሚለወጠው የእያንዳንዱ ዕድል ነው። ስፋትም እንዲሁ፦ ሯጩ የሚያነበው ከዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው፣ አማካዩ ብቻ ይጨማደዳል።

ንድፈ ሐሳቡ ያለ ጉድለት ነው ማለት ግን አይደለም። 0.2375 የተገኘው ከንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ሳይሆን፣ የጥቁር ቀዳዳ ኢንትሮፒ (የውስጥ ሁኔታዎቹ ብዛት መለኪያ) በፕላንክ አሃድ ከገጹ ስፋት አንድ አራተኛ ጋር እንዲገጥም ተብሎ ነው። የስፋቱ ዝርዝርም የተሰላው የጊዜ ሒደትን የሚገዛው እኩልታ ሙሉ በሙሉ ከመግባቱ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ነው፤ ከገባ በኋላ ቁርጥራጭነቱ መትረፉ አከራካሪ ነው። ከመረቡ ተነስቶ የአንስታይንን ለስላሳ ኅዋ መልሶ ማግኘትም ያላለቀ ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የምክንያት ስብስብ ይባላል፤ ቦምቤሊ፣ ሊ፣ ሜየርና ሶርኪን በ1987 ያቀረቡት። ኅዋን ትቶ ክስተቶችን ይይዛል፦ የኅዋ-ጊዜ ነጥቦች በዘፈቀደ የተዘሩ ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት «ይህ ያንን ሊቀድም ይችላል» የሚለው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። የነጥቦቹ ብዛት ይዘትን፣ ቅደም ተከተሉ ቅርጽን ይሰጣል። ዘፈቀደው ጌጥ አይደለም፤ አንጻራዊነትን የሚያድነው እሱ ነው። በየአንድ አሃዱ ነጥብ ያለበት ፍርግርግ ላይ 1000 በ0.5 የሆነ ቀጭን አራት ማዕዘን ያስቀምጡ። ስፋቱ 500 ነው፤ ነገር ግን በሁለት ረድፍ መካከል ከገባ ምንም ነጥብ አይይዝም፣ ረድፍ ላይ ካረፈ 1000 ይይዛል። በዘፈቀደ በተዘራ ማሳ ላይ ግን የትም ቢያስቀምጡት 500፣ ሲጨምር ሲቀንስ 22 ያህል፣ ነው። በጣም የሚሮጥ ተመልካች የሚያየው እንዲህ የተለጠጠ ቅርጽ ነው፤ ለዚህ ነው ፍርግርጉ የሚከዳው።

ይህንንም መሥራት ይቻላል። 10,000 ነጥብ ይዝሩ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ ሁለት የዘፈቀደ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሮቹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በሚጓዝ ብርሃን የተለኩ መጋጠሚያዎች ናቸው ብለው ይውሰዱ፤ አንዱ ነጥብ ሌላውን የሚቀድመው ሁለቱም ቁጥሮቹ ሲያንሱ ነው። ነጥቦቹን በመጀመሪያው ቁጥር ደርድረው በሁለተኛው ቁጥር እየጨመረ የሚሄደውን ረጅሙን ሰንሰለት ይፈልጉ። ርዝመቱ 190 ገደማ ይሆናል፤ ነጥቦቹን ሲያበዙ ከነጥቦቹ ብዛት ካሬ ሥር ሁለት እጥፍ ጋር እየተቀራረበ ይሄዳል። ይህ ሰንሰለት አንድ ሰዓት በጉዞው የሚቆጥረው ጊዜ ነው። አሁን ተመልካቹን ያስሩጡት፦ የመጀመሪያውን ቁጥር በ5 ያባዙ፣ ሁለተኛውን ለ5 ያካፍሉ። ቅደም ተከተሉ አልተነካም፤ ሰንሰለቱ አንድም ሳይጎድል ያው ነው። ኩቡ ሊሰጥ ያልቻለው ይህን ነው። ዋጋው ግን አለ፦ እያንዳንዱ ነጥብ የቅርብ ጎረቤቱ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ «የጎረቤት ሕዋስ» የሚባል ነገር እዚህ ይጠፋል፣ የሞገድ እኩልታ መጻፍም እጅግ ይከብዳል።

ከዚህ መንገድ አንድ የሚያስገርም ቁጥር ወጥቷል። በዘፈቀደ የተዘራ ነገር ብዛቱ በካሬ ሥሩ ልክ ይዋዥቃል። የሚታየው ዩኒቨርስ የኅዋ-ጊዜ ይዘት በፕላንክ አሃድ 10²⁴⁰ ያህል ነው፤ የካሬ ሥሩ ተገላቢጦሽ 10⁻¹²⁰ ነው። ሶርኪን የኮስሞሎጂ ቋሚው (የዩኒቨርስን መስፋፋት የሚያፈጥነው ቁጥር) በዚህ መጠን እንደሚዋዥቅ የተናገረው የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ በ1998 ከመገለጹ በፊት ነበር፤ የተለካውም በዚያ ደረጃ ነው። መጠኑን መምታት ማረጋገጫ ባይሆንም ችላ የሚባል አይደለም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። አምብዮርን፣ ዩርኪየዊችና ሎል ኅዋ-ጊዜን በአራት አውታር ሦስት ማዕዘኖች ገጣጥመው በኮምፒውተር ይደምሩታል፤ በ2005 ባወጡት ውጤት በሩቅ ሲታይ አራት የነበረው አውታር በአጭር ርቀት ወደ ሁለት ይወርዳል። እዚያም ሦስት ማዕዘኑ እንደ ዊልሰን ፍርግርግ መሣሪያ ነው።

ስበት የሕዋስ መጨማደድ ነው ስለሚለው። አንድ ቁጥር ይበቃል፦ ኳስ መሬት ላይ የሚወድቀው በዋናነት ኅዋ ስለተጣመመ ሳይሆን ጊዜ ስለሚለያይ ነው። በምድር ገጽ ላይ አንድ ሜትር ዝቅ ያለ ሰዓት ከላይኛው በ1.1 × 10⁻¹⁶ ክፍል ይዘገያል፤ ውድቀትን የሚያመጣው ይህ ነው። የኅዋ መጣመም ድርሻ ለብርሃን ጎልቶ ይታያል፤ የፀሐይን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፍ ብርሃን በ1.75 የአርክ ሴኮንድ ሲታጠፍ ግማሹ ከኅዋ፣ ግማሹ ከጊዜ ነው። ኅዋን ብቻ የሚያጨማድድ ሞዴል ኳሱን ከእጅ ሲለቁት አየር ላይ ያቆመዋል።

ወደ ፈተናው። በብዛት የሚጠቀሰው የጋማ ጨረር ፍንዳታ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጂአርቢ) ነው፤ ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ አጭርና ኃይለኛ የጨረር ብልጭታ። ኅዋ ቅንጣታዊ ከሆነ ከፍተኛ ኢነርጂ ያለው ፎቶን ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ትንሿ በቢሊዮን ዓመት ጉዞ ትጠራቀማለች። መዘግየቱ ከኢነርጂው ጋር ቀጥታ የሚያድግ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። በግንቦት 2009 ፈርሚ ሳተላይት ያየው ጂአርቢ 090510 ሬድሺፍቱ (ብርሃኑ በዩኒቨርስ መስፋፋት የተለጠጠበት መጠን) 0.9 ሲሆን፣ 31 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፎቶን ከፍንዳታው መጀመሪያ በኋላ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ደረሰ። 31ን ለፕላንክ ኢነርጂ ሲያካፍሉ 2.5 × 10⁻¹⁸፤ የዩኒቨርስን መስፋፋት ከሚያካትተው 4.4 × 10¹⁷ ሴኮንድ ጋር ሲያባዙት 1.1 ሴኮንድ ይመጣል። የተገመተው መዘግየት ከታየው በለጠ። በጥቅምት 2022 የታየውን ጂአርቢ 221009ኤ የመዘገበው ላሶ የተባለው የቻይና መመልከቻ ወሰኑን ወደ ፕላንክ ኢነርጂ አሥር እጥፍ ገፍቶታል።

ብዙ ጽሑፍ «እንግዲህ ኅዋ ቁርጥራጭ አይደለም» ብሎ እዚህ ይዘጋል። ትክክል አይደለም። የተዘጋው ከኢነርጂ ጋር ቀጥታ የሚያድገው መዘግየት ነው። ከላይ በሰንጠረዡ እንዳዩት የኩብ ፍርግርግ ስህተት በካሬ ነው የሚያድገው፤ ለዚያው 31 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ፎቶን መዘግየቱ ከ10⁻¹⁷ ሴኮንድ አይበልጥም፣ ማንም ሊለካው አይችልም። የምክንያት ስብስብም ሉፕ ኳንተም ግራቪቲም እንዲህ ያለ መዘግየት የግድ አይሉም። ስለዚህ የእርስዎ ኩብ በቴሌስኮፕ አልወደቀም፤ የወደቀው ቀደም ሲል ባየነው የኳንተም እርማትና በቁስ ጥያቄ ነው። በፈርሚላብ 40 ሜትር ክንድ ባላቸው ሁለት የሌዘር ኢንተርፌሮሜትሮች (ጥቃቅን የርዝመት ለውጥን በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች) የተሠራው ሆሎሜትር በ2015 ያወጣው ውጤትም ክሬግ ሆጋን የገመተውን አንድ ዓይነት የኅዋ መንቀጥቀጥ ነው የዘጋው፤ ሌሎቹን አልነካም።

ሐሳብዎን መቀጠል ከፈለጉ ኩቡን ይተዉና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ቁርጥራጭ የሆነው የትኛው መጠን ነው (ርዝመት፣ ስፋት፣ ይዘት ወይስ የክስተት ብዛት)፤ ሯጩ ተመልካች ሲለካው ምን ያነባል፤ ግራ እጅ ብቻ የሆነ ኤሌክትሮን በላዩ እንዴት ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዘፈቀደ ዘር ሙከራው ላይ መሞከር ይችላሉ። በቅርብ ዓመታት በጣም የሚወራውን፣ ሁለት ጥቃቅን ክብደቶችን በስበታቸው ብቻ የማጠላለፍ (የኳንተም ሁኔታቸውን እርስ በርስ የማቆራኘት) የቤተ ሙከራ ሐሳብ (በ2017 የቀረበ) ቢጠብቁም ለዚህ ጥያቄ አይረዳዎትም። ቢሳካ የሚያሳየው ስበት የኳንተም ጠባይ እንዳለው ነው፤ ያ ደግሞ ኅዋ ቁርጥራጭ ቢሆንም ባይሆንም ሊመጣ የሚችል ውጤት ነው።